ሳይጠሯችሁ አቤት ለምትሉ ጌም አሳታሚዎች

ለጌም አሳታሚ ድርጅቶች ሥራ አስኪያጆች፣ ለሕግ ክፍልና ለገበያ ኃላፊዎች
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ለሩሲያ ገበያ ብላችሁ ከጌም ውስጥ በዝምታ ስለምታወጧቸው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

እኔ ጌም ፈታሽ ነኝ። ጌሙ ገበያ ከመውጣቱ በፊት የሩሲያኛውን ቅጂ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እጫወታለሁ፣ የተበላሸውን መዝግቤ አሳውቃለሁ። ሩሲያኛውን የተማርኩት ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። አሁን የምኖረው ዋርሶ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴና አብረውኝ የሩሲያኛ ቅጂ በሚፈትሹ ባልደረቦቼ ስም ነው። ከመካከላችን ሩሲያውያን አሉ፣ ዩክሬናውያን አሉ፣ ከካዛክስታን የመጡም አሉ። ሐበሻ እኔ ብቻ ነኝ።

ለመጻፍ ያነሳሳን አንድ ፎቶ ነው። ስሙን የማልጠራው አሳታሚ ባወጣው ጌም ውስጥ የአንዲት ሴት መኝታ ቤት አለ። ከአልጋው አጠገብ ኮመዲኖ፣ ኮመዲኖው ላይ የፎቶ ፍሬም። በእንግሊዝኛው ቅጂ ፍሬሙ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ይስቃሉ። አንዷ የቤቱ ባለቤት ናት። በሩሲያኛው ቅጂ ፍሬሙ እዚያው አለ፣ ውስጡ ግን ሐይቅ ነው። ዝርግት ያለ፣ ሰው የሌለበት ሐይቅ። ተጫዋቹ ፍሬሙን ሲነካው ሴትዮዋ «የተዋወቅን ቀን ነው፤ ፀጉሬን አየኸው? እንዴት እንደነበርኩ!» ትላለች። ፎቶውን የቀየረው ሰው ንግግሩን ረስቶታል። ፀጉር ያለው ሐይቅ ቀረን።

እንደ ደንቡ ስህተት ብዬ መዘገብኩት። መልሱ አልዘገየም። «ስህተት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» የሚል አንድ መስመር ተጽፎበት ተዘጋ። ማን አዘዘ? በየትኛው አንቀጽ? ከሩሲያ በኩል የጠየቀ ባለሥልጣን ነበር ወይ? አንድም ነገር አልተጻፈም። ጌሙ ተሸጠ። ሙሉ ዋጋ የከፈለው ገዢም ከዕቃው ላይ የተነሳ ነገር እንዳለ አልተነገረውም።

ሕጉን አናውቀውም እንዳትሉን ባጭሩ ላስቀምጠው። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። በጁን 2013 ፕሬዚዳንት ፑቲን «ልማዳዊ ያልሆነ የፆታ ግንኙነት ፕሮፓጋንዳ»፣ ማለትም የተመሳሳይ ፆታ ፍቅር ወሬ፣ ለልጆች እንዳይደርስ የሚከለክለውን ሕግ ፈረሙ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ2017 ሕጉ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ይጥሳል ብሎ ፈረደ። ሞስኮ ከቁብ አልቆጠረችውም። በዲሴምበር 2022 ክልከላው አዋቂውንም እንዲጨምር ተደረገ፤ የሚጥስ ድርጅት እስከ 5 ሚሊዮን ሩብል ይቀጣል። ኖቬምበር 30 ቀን 2023 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዝግ ችሎት «ዓለም አቀፉ የኤልጂቢቲ ንቅናቄ» (የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎችና ፆታቸውን የቀየሩ ሰዎች ንቅናቄ ማለት ነው) ጽንፈኛ ነው ብሎ ወሰነ። እንዲህ የሚባል ድርጅት በምድር ላይ የለም። ጽሕፈት ቤት የለው፣ ሊቀ መንበር የለው፣ የአባላት መዝገብ የለው። ስለዚህ ማንንም አባሉ ነህ ማለት ይቻላል። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ በምትባል የሩሲያ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት የቀስተ ደመና ቀለም ያለው የጆሮ ጌጥ አድርጋ በመታየቷ 5 ቀን ታሰረች።

ፍርሃታችሁን አልንቀውም። በሜይ 2025 ሞስኮ ውስጥ ከትልቁ የመጽሐፍ ድርጅት ኤክስሞ ጋር የተያያዙ መጽሐፍ አሳታሚዎች ሠራተኞች በጽንፈኝነት ተጠርጥረው ተይዘዋል። ምክንያቱ የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን የሚያነሳ መጽሐፍ ነው። እናንተ ያላችሁት ካሊፎርኒያ ወይም ቶክዮ ነው፤ ዱላው የሚያርፈው ግን እዚያ ባለው ተርጓሚ፣ አከፋፋይና የሱቅ ሠራተኛ ላይ ነው። ለእነሱ ብላችሁ ተጠንቅቃችሁ ከሆነ ጥንቃቄው ይገባናል። ግን አንድም ጊዜ እንዲህ ብላችሁ ስትናገሩ አልሰማንም።

ያሳዘነን ሌላ ነው። ባለሥልጣን ጠይቆ መቁረጥ አንድ ነገር ነው። ምናልባት ይጠይቅ ይሆናል ብሎ ቀድሞ መቁረጥ ሌላ ነው። በአገሬ «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» ይባላል። እናንተ ላይ ደጋግመን ያየነው ይሄንን ነው። ሕጉ የተድበሰበሰው በስህተት አይመስለኝም። ድንበሩ የት እንደሆነ ካልታወቀ ሁሉም ሰው ከድንበሩ ርቆ ይቆማል፣ ሳንሱሩም ያለ ሳንሱረኛ ይሠራል። ደሞዙን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

ተጫዋቹ ሰው ፈጥሮ ኑሮውን የሚመራበትን ጌም፣ ዘ ሲምስ 4ን እንይ። ጌሙ በ2014 ሲወጣ ጀርመን ከ6 ዓመት ጀምሮ ለማንም ልጅ ይሆናል አለች። ሩሲያ ውስጥ 18+ ተለጠፈበት። አሳታሚው ኢኤ ምክንያቱ ልጆችን «ከጎጂ መረጃ» ይጠብቃል የተባለው ሕግ መሆኑን ያኔውኑ ተናግሯል። ውስጡ ግን አልተነካም። የሩሲያ ተጫዋች እንደ ሌላው ዓለም ተጫዋች ወንድን ከወንድ፣ ሴትን ከሴት እያጋባ ለዓመታት ተጫወተ።

ከዚያ በፌብሯሪ 2022 የሠርግ ማስፋፊያው፣ ማለትም ለብቻው ተሽጦ ጌሙ ላይ የሚጨመር ክፍል፣ መጣ። ማስታወቂያው ላይ ሙሽሮቹ ዶሚኒክና ካሚል ነበሩ፤ ሁለቱም ሴቶች። ኢኤ ታሪካቸውን አልቀይርም አለ። አስከትሎም በሩሲያ ሕግ ምክንያት ማስፋፊያውን ሩሲያ ውስጥ አልሸጥም አለ። የሩሲያ ተጫዋቾች ተንጫጩ። ክርክራቸውም የዋዛ አልነበረም፤ ዋናው ጌም ላይ ስንት ዓመት የተፈቀደ ሠርግ ማስፋፊያው ላይ ምን አዲስ ወንጀል ሆነ? ሳምንት ገደማ ቆይቶ ኢኤ ጉዳዩን እንደገና አይቶ መጀመሪያ ካሰበው በላይ ማድረግ እንደሚችል መረዳቱን አስታወቀ። መውጫው ቀን ለዓለም ሁሉ ከፌብሯሪ 17 ወደ 23 ተገፋ። ማስፋፊያው አንድ ነገር ሳይነሳለት ሩሲያም ገባ።

በማግስቱ ሩሲያ ዩክሬንን ወረረች። በማርች ኢኤ ሽያጩን ጨርሶ አቆመ። የሠርጉ ወሬም በጦርነቱ ወሬ ተዋጠ፣ የሚገባንን ትምህርት ሳንወስድበት ቀረን።

እስቲ ያቺን አንድ ሳምንት መልሳችሁ እዩዋት። ሕጉ ላይ የተቀየረ ነጥብ የለም። የሩሲያ ምክር ቤት ዱማው አልተሰበሰበም፣ ፍርድ ቤት አልተከፈተም። የተቀየረው የኩባንያው ሐሳብ ብቻ ነው። እንግዲያው ዶሚኒክንና ካሚልን መጀመሪያ የከለከለው የክሬምሊን ሰው አልነበረም። በስብሰባ ክፍል ቡና እየጠጣ «ለምን ጣጣ ውስጥ እንገባለን?» ያለ ሰው ነው። በየጌሙ ስንት እንዲህ ያለ ስብሰባ እንደተካሄደ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። የሲምስ ተጫዋቾች ብዙ ስለሆኑና ስለጮሁ ሰማናቸው። ሐይቁ ያለበት ጌም ጯሂ አልነበረውም።

ሌላው ጌም አሳታሚ ብሊዛርድ በዲሴምበር 2016 ያደረገው ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ትሬሰር ኦቨርዎች የተባለው የተኩስ ጌም ፊት ናት። የጌሙ ሽፋን ላይ ያለችው እሷ ናት። ለበዓል በወጣ ኮሚክ ላይ ኤሚሊ ከምትባል ፍቅረኛዋ ጋር ታየች። ኮሚኩ ሩሲያ ውስጥ እንዳይከፈት ተደረገ። ጌሙ ግን መሸጡን ቀጠለ። ፊቷን አሳይቶ ገንዘብ መሰብሰብ ይቻላል፤ ቤት ስትገባ ማን እንደሚቀበላት መናገር አይቻልም! ብሊዛርድ ምክንያቱ የሩሲያ ሕግ መሆኑን በግልጽ ተናግሯል። እንዲህ ብሎ መናገር ምንም አያስወጣም። ሌሎቻችሁ ይሄንንም ነፍጋችሁናል።

በዚያው ወር የሩሲያ ኮሚኒስት ፓርቲ የምክር ቤት አባላት የኢኤ የእግር ኳስ ጌም ፊፋ 17 ላይ ተነስተው ነበር። እንግሊዝ አገር በኳስ ሜዳ በተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ላይ የሚደርሰውን ጥላቻ ለመቃወም ኢኤ የቀስተ ደመና ማልያ በነፃ ሰጥቶ ነበርና፣ ጌሙ ይጣራልን፣ ይታገድልን አሉ። ጩኸቱ ጩኸት ሆኖ ቀረ። ጌሙ ሲሸጥ ከረመ። የምክር ቤት ሰው ማስፈራራቱና መንግሥት መከልከሉ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ያሳያችሁ?

በእርግጥ መንግሥት የምር ሲጠይቅ አይተናል። ፍሊክ ሶሊቴር የሚባል ትንሽ የካርታ ጨዋታ አለ፤ ካርታዎቹ ላይ የድራግ አርቲስቶች፣ ማለትም የሌላውን ፆታ አለባበስ አጋንነው መድረክ ላይ የሚጫወቱ ሰዎች፣ ሥዕል አለበት። የመገናኛ ተቆጣጣሪው ሮስኮምናድዞር የኦንላይን ጌም መሸጫው የስቲም ባለቤት ለሆነው ለቫልቭ ጻፈ፣ ጨዋታው ከሩሲያው ስቲም ላይ ወረደ። ይህንን ያወቅነው የጨዋታው ሠሪዎች ስለተናገሩ ነው። ትንሹ ሠሪ አፉን ባይከፍት ኖሮ ማን ይሰማ ነበር? ስቲም ላይ በየዓመቱ በሺዎች የሚቆጠር ጌም ይወጣል። ከሩሲያው ሱቅ የትኛው በስንት ደብዳቤ እንደጎደለ የሚያሳይ ሰሌዳ አጣን።

ልጆች በብዛት ስለሚጫወቱበት የኦንላይን ጌም መድረክ ስለ ሮብሎክስ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ልጆችን ይመለከታል። ዲሴምበር 3 ቀን 2025 ሮስኮምናድዞር ሮብሎክስን ዘጋ። ምክንያቱ ሲዘረዘር ጽንፈኝነትን የሚያበረታታ ጽሑፍና «የኤልጂቢቲ ፕሮፓጋንዳ» አንድ ላይ ተጠቀሱ። ልጆችን ከአዳኝ አዋቂዎች መጠበቅ የሚለው እውነተኛ ጭንቀትም እዚያው ውስጥ ተወሽቆ ነበር። ሦስት ነገር በአንድ ጆንያ። በዚያው ወር ሳይቤሪያ ውስጥ ቶምስክ ከተማ ጥቂት ደርዘን የሚሆኑ ሰዎች በረዶ ላይ ቆመው ተቃወሙ። በእጅ የተጻፈ ወረቀት ይዘው ነበር፤ «እጃችሁን ከሮብሎክስ ላይ አንሱ» የሚል። አደባባይ መውጣት ሊያሳስር በሚችልበት አገር፣ በዚያ ብርድ፣ ለጌም ወጡ። እናንተስ ለእነሱ ምን አላችሁ? ኩባንያው ለመመለስ የመልእክት መለዋወጫውን በከፊል ለመገደብ ዝግጁ ነኝ ብሏል። ከጆንያው ውስጥ ሌላ ምን ለማውጣት እንደተስማማ፣ ወይም እንዳልተስማማ፣ ቶምስክ ላይ የቆሙት ሰዎች የማወቅ መብት አላቸው።

አሁን ከሥራችን ጋር በቀጥታ ወደሚገናኘው ልመለስ። ሩሲያኛ የሩሲያ ብቻ አይደለም። ካዛክስታን አልማቲ ይነገራል፣ ላትቪያ ሪጋ ይነገራል፣ ዩክሬን ካርኪቭ ይነገራል። እናንተ ግን የሩሲያን ሕግ ለማክበር ስትሉ የሩሲያኛውን ፋይል ትቆርጡና አንዱን ፋይል ለሁሉም ትልኩታላችሁ። ይቀላችኋል፣ ወጪውም ይቀንስላችኋል፤ ገብቶናል። ሐይቁም የተጓዘው እንዲህ ነው። የእስራኤሏን አሽዶድን አስቡ። እዚያ ከተማ ከሩሲያ የሄደ ቤተሰብና ከኢትዮጵያ የሄደ ቤተሰብ በአንድ ደረጃ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። የሁለቱ ቤት ልጆች አንድ ጌም ይገዛሉ። አንዱ በእንግሊዝኛ ከፍቶ ፎቶውን ያያል፣ አንዱ በሩሲያኛ ከፍቶ ሐይቁን ያያል። እስራኤል ውስጥ ያንን ፎቶ የሚከለክል ሕግ የለም። የሞስኮን ሕግ እስከዚያ ድረስ በነፃ ያደረሳችሁት እናንተ ናችሁ።

ነገሩ ሩሲያ ላይም አይቆምም። ሀንጋሪ በ2021፣ ጆርጂያ በ2024 ተቀራራቢ ሕግ አውጥተዋል። ሐይቁን አንድ ጊዜ የሣለ ኩባንያ ለሚቀጥለው አገር ፋይሉ ዝግጁ ነው። በሌላ በኩል ፋይናል ፋንታሲ 16 የተባለውን ጌም አስታውሱ። በ2023 የሳዑዲ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አሳታሚው የተጠየቀውን ማሻሻያ ለማድረግ ስላልፈለገ ፈቃድ አልሰጠሁም ብሎ በይፋ ተናገረ። ሪያድና ጅዳ ያሉ ተጫዋቾች ተናደዱ፤ ቢያንስ ግን ማን ምን እንዳለ አወቁ። በሴፕቴምበር 2025 ደግሞ የሳዑዲው መንግሥታዊ የኢንቨስትመንት ፈንድ ያለበት ቡድን ኢኤን በ55 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት መስማማቱ ተነገረ። ዶሚኒክና ካሚል የኢኤ ልጆች ናቸው። ስለ እነሱ ነገ ማን እንደሚወስን ዛሬ መጠየቃችን አይግረማችሁ።

እግረ መንገዴን ይህን ደብዳቤ ለሚያነቡ ለአገሬ ልጆችም አንድ ነገር ልበል። «ቢቆረጥስ? አንተን ምን አገባህ?» የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን ወንጀል የሚያደርገው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 629 ምን እንደሚልም አውቃለሁ። እምነታችሁን ልነካ አልመጣሁም። ግን ፕሌይስቴሽን ስቶር ለአገራችን ስላልተከፈተ አካውንት የምናወጣው የአሜሪካ ወይም የዱባይ ብለን ነው። የምናየውን የሚወስንልን ያ የመረጥነው አገር ነው። ዛሬ የማትወዱት ነገር ሲነሳ ዝም ካላችሁ፣ ነገ የምትወዱት ሲነሳ የምትጠይቁበት ቦታ የለም። ማን እንዳነሳው እንኳ አታውቁም።

ለኔ ነገሩ ከዚህም ይቀርባል። ከኛ መካከል ፍቅረኛዋን ይዛ ከሩሲያ የወጣች አለች። ሁለቱ ዋርሶ አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። የሐይቁ ምስል ከፍሬሙ ልክ ጋር መስማማቱን እንድታረጋግጥ ሥራው የተሰጠው ለእሷ ነው። ሠርታ አስረከበች፤ ኪራይ መክፈል አለባት። ይህን ሥራ ስትመድቡ ለማን እንደምትመድቡ እንኳ አትጠይቁም።

እንግዲህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

በአንድ አገር ወይም በአንድ ቋንቋ ቅጂ ላይ ገጸ ባህሪ፣ ሥዕል፣ ንግግር ወይም ታሪክ ካነሳችሁ ወይም ከቀየራችሁ፣ ጌሙ በሚሸጥበት ገጽ ላይ፣ ከዋጋው አጠገብ ጻፉት። የዕድሜ ገደቡን ትጽፉ የለም? እንደዚያው።

በጽሑፍ ያልተጠየቃችሁትን አትቁረጡ። ከተጠየቃችሁ ደግሞ የጠየቀውን መሥሪያ ቤት፣ ቀኑንና የተጠቀሰውን ሕግ በየዓመቱ አውጡ። ጉግል ከመንግሥታት የሚመጣለትን የማውረድ ጥያቄ ከ2010 ጀምሮ ያወጣል፤ ስለዚህ አይቻልም አትበሉን።

የአገርን ሕግ ከቋንቋ ለዩት። ለሩሲያ የተቆረጠ ፋይል ከሩሲያ አይውጣ። ቴክኒኩ ከባድ እንዳልሆነ እኛ ፈታሾቹ እናውቃለን፤ ለጀርመን የደምና የናዚ ምልክት ጉዳይ ለብዙ ዓመታት ስትሠሩት ኖራችኋል።

ሩሲያ ውስጥ ያሉ ተርጓሚዎቻችሁንና አከፋፋዮቻችሁን ጠብቁ። ስማቸው በጌሙ መጨረሻ ላይ እንዲወጣ ወይም እንዳይወጣ ራሳቸው ይምረጡ። አደጋ ያለበትን ውሳኔ ውጭ ያለ ኃላፊ ይፈርም። ከተያዙ ጠበቃ አቁሙላቸው፣ ይህንንም ውላቸው ላይ ጻፉት።

ለፈታሾች ደግሞ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከመመደቡ በፊት ምን እንደሆነ ይነገረን። አልሠራም ያለ ሰው ከደሞዙም ከሚቀጥለው ሥራም እንዳይቀነስበት ቃል ግቡልን። «ሆን ተብሎ የተደረገ ነው» ተብሎ የሚዘጋ ሪፖርት ላይም ያዘዘው ክፍልና ምክንያቱ ይጻፍ።

ከ2022 በኋላ ከሩሲያ የወጣችሁ አሳታሚዎች አንድ ቀን ለመመለስ ስታስቡ፣ በምን ስምምነት እንደምትመለሱ ከመሸጣችሁ በፊት ለሕዝብ አሳውቁ።

በመጨረሻም፣ ባለ ሐይቁን ጌም ያወጣው አሳታሚ ራሱን ያውቃል። ፎቶው በሚቀጥለው ማሻሻያ፣ ቢያንስ ከሩሲያ ውጭ ላሉ የሩሲያኛ ተጫዋቾች፣ ወደ ፍሬሙ እንዲመለስ እንጠይቃለን። ዋናው ፋይል እጃችሁ ላይ ነው። መልሳችሁን በይፋ እንጠብቃለን።

ከሠላምታ ጋር፣

በዋርሶ የሩሲያኛ ጌም ቅጂ ፈታሽ
በራሱና በባልደረቦቹ ስም

ግልባጭ፦
ለሩሲያኛ ቅጂ ተርጓሚዎች
ለጌም መሸጫ መድረኮች የሕግ ክፍሎች
አማርኛ ለሚያነቡ ጌመሮች በያሉበት